ስለ ካናቢስ ዘይት፦ መድኃኒቱን ከወሬው እንለይ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ «ሲቢዲ» የሚባለው ዘይት ወሬ በተማሪው መኖሪያ ሳይቀር ይሰማል። አንዱ ለእንቅልፍ ይበጃል ይላል፤ ሌላው ለፈተና ፍርሃት፤ ሦስተኛው ለወገብ ሕመም፤ አራተኛው ለስኳር፣ ለደም ብዛትና ለካንሰር ጭምር ፍቱን ነው ይላል። በሌላ ወገን ደግሞ ዘይቱ ከካናቢስ ተክል የሚወጣ መሆኑን የሰማ ሰው «ሐሺሽ ነው፣ ስሙንም አታንሡብኝ» ብሎ ፊቱን ያዞራል። እኛ ከሁለቱም ወገን አልቆምንም። ለትምህርት የተቀመጠ ሰው ሊያነሣው የሚገባው ጥያቄ «ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚል ሳይሆን፣ «ለየትኛው በሽታ? በምን ያህል መጠን? በማን ተፈትኖ?» የሚል ነው ብለን እናምናለን።

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣነው ጉዳዩ ለሻይ ሰዓት ጨዋታ ብቻ የሚሆን ስላልሆነ ነው። በመካከላችን የሚጥል በሽታ ያለባቸው ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ከነርሱ አንዱ ወሬውን አምኖ ሐኪም የሰጠውን ክኒን ቢተው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችንን ሕግ የሚመለከተው ብቻ በራሳችን አቆጣጠር ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ነውና በመጀመሪያ ስለ ተክሉ እንናገር። ካናቢስ ከጥንት ጀምሮ በብዙ አገር ሲዘራ የኖረ ተክል ነው። ከግንዱ ልጥ ገመድና ሸራ፣ ከፍሬው የምግብ ዘይት፣ ከአበባው ደግሞ የሚያሰክር ሙጫ ይገኛል። በአገራችን አንዳንድ ሰው ዕፀ ፋርስ ሲለው ይሰማል፤ ነገር ግን በዚሁ ስም አስተናግር የተባለው መርዘኛ ተክልም ስለሚጠራ፣ ነገር እንዳይደባለቅ ካናቢስ ማለቱን መርጠናል። በተክሉ ውስጥ ካናቢኖይድ የሚባሉ ከመቶ በላይ ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ። ከነዚህም ሁለቱ ስመ ጥር ናቸው። አንደኛው ቲኤችሲ ነው፤ አእምሮን የሚያሰክረው እርሱ ነው። ሁለተኛው ካናቢዲዮል፣ በአጭሩ ሲቢዲ ነው፤ ይህኛው አያሰክርም። የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያዎች ጉዳዩን መርምረው በ2018 ባወጡት ዘገባ፣ ንጹሕ ሲቢዲ ሱስ የሚያስይዝ ጠባይ እንዳልታየበት ገልጸዋል።

የኬሚስትሪ ተማሪዎች እንደሚረዱት ሁለቱ በቀመራቸው አንድ ናቸው። እያንዳንዳቸው 21 የካርቦን፣ 30 የሃይድሮጅንና 2 የኦክሲጅን አቶሞች አሏቸው። የሚለያዩት አቶሞቹ በተያያዙበት መንገድ ነው፤ በቲኤችሲ ተዘግቶ የሚገኘው ቀለበት በሲቢዲ ክፍት ነው። አንዲት ቀለበት በመዘጋቷና በመከፈቷ አንደኛው አስካሪ፣ ሁለተኛው የማያሰክር ሆነ። ስለዚህ «ሁለቱም ከአንድ ተክል ስለወጡ አንድ ናቸው» የሚለው ክርክር በኬሚስትሪ ፊት አይቆምም። እንደዚሁም «ከተክል ስለወጣ ጉዳት የለውም» የሚለው አይቆምም፤ አስተናግርም ተክል ነውና።

ሲቢዲን ከተክሉ ለይተው ያወጡት በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት የነበሩት ሮጀር አዳምስ ሲሆኑ፣ ጊዜውም 1940 ነበር። ይሁን እንጂ የሞለኪዩሉ ትክክለኛ ቅርጽ እስኪታወቅ ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ። በእስራኤል አገር በሬሆቮት ከተማ ባለው የቫይስማን ተቋም ይሠሩ የነበሩት ወጣቱ ኬሚስት ራፋኤል መሹላም ለምርምራቸው ካናቢስ ባስፈለጋቸው ጊዜ፣ ፖሊስ ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ይዞ ካስቀመጠው የሊባኖስ ሐሺሽ 5 ኪሎ ተሰጣቸው። እርሳቸውም ያንን ተሸክመው በሕዝብ አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ላቦራቶሪያቸው ሄዱ። በ1963 ከባልደረባቸው ጋር የሲቢዲን ቅርጽ አስታወቁ፤ በ1964 ደግሞ ቲኤችሲን ለይተው አወጡ። ይህን ታሪክ ያነሣነው ለማሳቅ አይደለም። ፖሊስ ሐሺሹን ለነጋዴው ከለከለ፤ ለተመራማሪው ግን ሰጠ። መከልከልና መመርመር አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

ከዚያ ወዲህ ዕውቀቱ ሰፋ። በ1988 በአንጎል ውስጥ ቲኤችሲ የሚያርፍበት ተቀባይ መኖሩ ተረጋገጠ፤ በ1992 ደግሞ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራውና በዚያው ተቀባይ ላይ የሚያርፈው አናንዳማይድ የተባለ ንጥረ ነገር ተገኘ። ሲቢዲ ግን በዚህ ተቀባይ ላይ እምብዛም አያርፍም፤ የማያሰክረውም ስለዚህ ነው። ሥራውን የሚሠራው በአንጎል ሕዋሳት ላይ ባሉ በሌሎች መንገዶች መሆኑን ተመራማሪዎች ይናገራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሲቢዲ ለምን በሽታ ይረዳል? እስከ ዛሬ ጽኑ ማስረጃ የተገኘለት የሚጥል በሽታ ነው፤ እርሱም በሁሉም ዓይነቱ ሳይሆን በጥቂት ከባድ የሕፃናት ዓይነቶች ነው። በ1980 የብራዚል ሐኪሞች ከመሹላም ጋር ሆነው በሌላ መድኃኒት ያልተሻላቸውን 15 ሕሙማን መረጡ። ለ8ቱ በቀን ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ሲቢዲ፣ ለ7ቱ ደግሞ ምንም መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ተሰጣቸው። ሲቢዲ ከወሰዱት 8 ሰዎች አራቱ ከመጣል ነጻ ለመሆን ተቃረቡ፤ ሦስቱ በከፊል ተሻላቸው። አምሳያውን ከወሰዱት የተሻለው አንድ ብቻ ነበር። ሆኖም የሰዎቹ ቁጥር ጥቂት ስለነበረ ነገሩ ለ30 ዓመት ያህል ተረስቶ ቀረ።

በ2013 በአሜሪካ ኮሎራዶ የምትኖር አንዲት ሕፃን በሳምንት 300 ጊዜ ያህል ይጥላት የነበረው በካናቢስ ዘይት እጅግ መቀነሱ በቴሌቪዥን ታየ። የብዙ ወላጆች ልብ ተነሣ። የአንዲት ሕፃን መዳን ግን ለወላጆቿ ደስታ ቢሆንም ለሳይንስ ጥያቄ እንጂ መልስ አይደለም። መልሱ የመጣው በ2017 ነው። ድራቬ የሚባለው ከባድ የሚጥል በሽታ ያለባቸው 120 ሕፃናትና ወጣቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ማን መድኃኒቱን፣ ማን አምሳያውን እንደሚወስድ ወላጅም ሐኪምም አያውቅም ነበር። ሲቢዲ በወሰዱት ዘንድ በወር የሚጥላቸው ቁጥር በመካከለኛው ልክ ከ12.4 ወደ 5.9 ወረደ። አምሳያውን በወሰዱት ዘንድ ከ14.9 ወደ 14.1 ብቻ ነበር። በዚህና በሌሎች ፈተናዎች መሠረት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሰኔ 2018 ኤፒዲዮሌክስ የተባለውን የሲቢዲ መድኃኒት ድራቬና ሌኖክስ ጋስቶ ለሚባሉት ሁለት በሽታዎች ፈቀደ፤ በ2019 የአውሮፓ ኅብረት ተከተለ። መድኃኒቱ የሚሟሟበት ዘይት የኛው የሑመራ ገበሬ የሚያውቀው የሰሊጥ ዘይት መሆኑን በዚህ አጋጣሚ እናነሣለን።

ቁጥሩን በቅን ልቡና እናንብበው። ከ12.4 ወደ 5.9 መውረድ ለአንዲት እናት ትልቅ እረፍት ነው፤ ነገር ግን ፈውስ አይደለም። በዚያው ፈተና ፈጽሞ መጣል የተዋቸው ከ100 አምስቱ ያህል ብቻ ነበሩ። ደግሞም መድኃኒቱ የራሱ ጉዳት አለው፦ እንቅልፍ ያበዛል፣ ያስቀምጣል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ በአንዳንዱም ላይ ጉበትን ይነካል። ደም ለማቅጠን ከሚሰጠው ዋርፋሪንና ከአንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ የነዚያን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። እንግዲህ ይህ በሐኪም ዓይን ሥር የሚወሰድ መድኃኒት ነው እንጂ እንደ ቅቤ ወጥ ላይ ጠብ የሚደረግ አይደለም።

ሌሎቹስ ተስፋዎች? ተማሪውን የሚያጓጓው የፍርሃት ነገር ስለሆነ ከርሱ እንጀምር። በ2011 በብራዚል ሰው ፊት መናገር እጅግ የሚያስፈራቸው 24 ሰዎች ተፈትነው ነበር። ከመናገራቸው በፊት 600 ሚሊግራም ሲቢዲ የወሰዱት 12ቱ አምሳያውን ከወሰዱት 12 ሰዎች ይልቅ ፍርሃታቸው ቀነሰ። ደስ የሚል ጅምር ነው፤ ነገር ግን 24 ሰው አንድ የመማሪያ ክፍል እንኳ አይሞላም፤ መድኃኒቱም የተሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በ2018 ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው 88 ሰዎች ከሌላው መድኃኒታቸው ጋር ሲፈተን መጠነኛ መሻሻል ታየ። ስለ ሕመም ማስታገሻነቱ ግን የዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ2021 ማስረጃውን መርምሮ ካናቢስንና ከርሱ የሚወጡትን ለሕመም መጠቀምን እንደማይደግፍ አስታውቋል። ካንሰርን ያድናል፣ ስኳርን ያጠፋል የሚለው ወሬ በሰው ላይ ተፈትኖ የተረጋገጠ አይደለም።

እዚህ ላይ ጥቂት ሂሳብ እንሥራ። በፈተና የታወቀው መድኃኒት ለሕፃን የሚሰጠው በክብደቱ ልክ ሲሆን፣ ከፍተኛው በኪሎ 20 ሚሊግራም በቀን ነው። ክብደቱ 20 ኪሎ የሆነ ሕፃን በቀን 400 ሚሊግራም ይወስዳል ማለት ነው። አሁን በሱቅ የሚሸጠውን ጠርሙስ እንውሰድ። 30 ሚሊሊትር ዘይት ይዟል፣ በውስጡም 1000 ሚሊግራም ሲቢዲ አለ እንበል። አንድ ሚሊሊትር 20 ጠብታ ቢሆን፣ ጠርሙሱ 600 ጠብታ ይወጣዋል፤ በአንድ ጠብታ ውስጥም 1.7 ሚሊግራም ያህል አለ። «ማታ ማታ አምስት ጠብታ ከምላስ ሥር» የሚባለው ሰው 8 ሚሊግራም ያህል ወሰደ ማለት ነው። በብራዚሉ ፈተና የተሰጠው 600 ሚሊግራም ከዚህ 70 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ሻጩ በታላላቆቹ ፈተናዎች ስም የሚሸጠው የፈተናዎቹን መድኃኒት አይደለም፤ ስሙን ብቻ ነው። «ታዲያ ብዙ ብንጠጣስ?» የሚል ቢኖር፣ የብሪታንያ የምግብ ደረጃዎች መሥሪያ ቤት በ2023 ጤነኛ ሰው በቀን ከ10 ሚሊግራም እንዳያልፍ መምከሩን ይወቅ፤ ምክንያቱም ለጉበትና ለእንቅርት ዕጢ በመሥጋት ነው።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ብዙ ጊዜ እውነት አለመሆኑ ነው። በ2017 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ31 ድርጅቶች የተገዙ 84 የሲቢዲ ምርቶችን በላቦራቶሪ መረመረ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ያህል ሲቢዲ የተገኘባቸው 26ቱ ብቻ ነበሩ። በ18ቱ ውስጥ አስካሪው ቲኤችሲ ተገኘ። ገዢው ሳያውቅ የሚያሰክረውን ጠጣ ማለት ነው። በአገራችን ደግሞ ነገሩ ከስካር ያልፋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ያለ ሕጋዊ ፈቃድ አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፣ መነገድንና መጠቀምን ይቀጣል። የአክስቱ ልጅ በፍቅር ያመጣችለት ጠርሙስ ለተማሪው የፍርድ ቤት ጉዳይ ሊሆንበት ይችላል።

እንግዲህ ስለ ራሳችን አገር እንናገር። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት መሪነት በቡታጅራ አካባቢ ገጠር የተደረገውና በ1990 የታተመው ጥናት ከ60 ሺሕ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት መርምሮ ነበር። ከ1000 ሰው 5.2ቱ የሚጥል በሽታ ያለበት ሆኖ ተገኘ። ከነዚህ ሕሙማን መካከል በሳይንስ የታወቀ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ያገኙት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቀሪው ምን ነበረው? እሳት ላይ መውደቅ፣ ከትምህርት ቤት መቅረት፣ ከማዕድ መለየት። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙም ጤና ጣቢያውም በዝቷል፤ ይሁን እንጂ ዛሬም በከተማችን መንገድ ላይ ሰው ሲወድቅ በመጀመሪያ የሚፈለገው ሐኪም ሳይሆን ክብሪት ነው። ሰልፈሩን ወደ አፍንጫው ያስጠጉታል፤ ትንፋሹ ይይዘናል ብለውም ይሸሹታል። የሚጥል በሽታ በትንፋሽም በምራቅም አይተላለፍም። የወደቀውን ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ በአፉ ምንም አለመክተት፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየም ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው የሚገባው። ጸበል የሚሄደውንም ሰው አንነቅፍም፤ ክኒኑን ይዞ ይሂድ እንላለን እንጂ።

ፌኖባርቢታል የተባለው መድኃኒት ለሚጥል በሽታ መሰጠት የጀመረው በ1912 ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው እንዲህ ባለ መድኃኒት አንድን ሰው ለማከም በዓመት እስከ 5 ዶላር ዝቅ ያለ ወጪ ሊበቃ ይችላል፤ በትክክል ቢታከሙ ከሕሙማኑ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ኤፒዲዮሌክስ በወጣበት ጊዜ በአሜሪካ ለአንድ ሰው በዓመት 32,500 ዶላር ያህል ዋጋ ተቆርጦለት ነበር። በዚያ ገንዘብ በ5 ዶላሩ ሂሳብ 6500 ሰው መድኃኒት ያገኛል። ይህን ስንል ድራቬ ያለበት የኛ ሕፃን መድኃኒት አይገባውም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን የ5 ዶላሩ ክኒን ያልደረሰለት ሕዝብ ስለ ካናቢስ ዘይት ተአምር ሲሰብኩለት መዋል፣ እንጀራ ለሌለው ሰው ስለ ማር እንደ ማውራት ነው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ክኒኑን የሚወስደውን ሰው «ተወው፣ ይህን ጠጣ» ማለት ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሳያባራ ደጋግሞ ይጥላል፤ ይህም ይገድላል።

«እንግዲያስ ስለ ሲቢዲ ምን አገባን?» የሚለን አንባቢ ይኖራል። ያገባናል። ሌሴቶ በ2017፣ ዚምባብዌ በ2018፣ ማላዊ በ2020 ካናቢስን ለመድኃኒት ማምረትን በሕግ ፈቅደዋል። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2020 በ27 ድምፅ ለ25 ካናቢስን እጅግ አደገኛ ከሚባሉት ዝርዝር አውጥቶታል፤ ይሁንና ከቁጥጥር ነጻ አላደረገውም። ጥያቄው ወደኛም መምጣቱ አይቀርም። በመጣ ጊዜ የሚመልሰው ማን ነው? የውጭ ነጋዴ ወይስ በራሳችን ላቦራቶሪ የመረመረ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ? እኛ ማሳውን ለካናቢስ እናውለው አንልም። የላቦራቶሪው በር ግን በፍርሃት መዘጋት የለበትም እንላለን።

ለዚህ ከራሳችን ቤት ምሳሌ አለን። እንዶድን ስንት ዘመን እናቶቻችን ልብስ አጠቡበት። በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በዓድዋ በልብስ ማጠቢያው ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ፤ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ነበሩ። አክሊሉ «እንዶድ ፍቱን ነው» ብለው በገበያ አላወጁም። ለኩ፣ መዘኑ፣ ደጋግመው ፈተኑ። ከባልደረባቸው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ለዓለም ሽልማት የበቁት በዚህ ነው። የአባቶቻችን ዕውቀት በሚዛን ላይ ቢወጣ አይዋረድም፤ ይከበራል እንጂ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የሕክምናና የፋርማሲ መምህራኖቻችን ስለ ሲቢዲና ስለ ሚጥል በሽታ በአንድ ምሽት ለተማሪው ሁሉ ንግግር እንዲያደርጉልን እንለምናለን፤ አዳራሹን ማኅበሩ ያዘጋጃል። ሁለተኛ፣ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በየሻንጣው የሚገባውን ጠርሙስና በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠውን መድኃኒት ለይቶ ለሕዝብ በግልጽ ቋንቋ እንዲያስረዳ፣ ለምርምር የሚሆነውም ፈቃድ በምን ሁኔታ እንደሚሰጥ እንዲያስታውቅ እንጠይቃለን። ሦስተኛው ለራሳችን ነው። በመኖሪያችን ጓደኛችን ቢወድቅ ክብሪቱን ኪሳችን ውስጥ እንተወው፤ ሲነቃም አጠገቡ ተቀምጠን ያግኘን።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የሚደብቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ እኛ እንዳናፍርበትና እንዳንሸሸው ፈርቶ ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ጠርሙስ ከመመኘታችን በፊት፣ ጓደኛችን በእኛ ፊት ክኒኑን ያለ ኀፍረት የሚውጥበትን ቀን እናምጣ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም።